ከባቲ የገዛሁት ሌንስ

ከከሚሴ እስከ ባቲ፣ ከጨፋ ሮቢት እስከ ሰንበቴ ባለው አገር፣ ሌንስ በእጁ እያዞረ ፎቶ የሚያጠራ ሰው እንደ እኔ ያለ የለም። ይህን ስል አላፍርም። ሌሎቹ ባለካሜራዎች ቁልፉን ጫን ያደርጋሉ፤ ማሽኑ ራሱ «ጢጥ» ይልና ጥራቱን ያስተካክልላቸዋል። እኔ ግን በግራ እጄ ሁለት ጣቶች የሌንሱን ቀለበት እያዞርኩ፣ በዓይኔ እየለካሁ፣ ሰውየውን ከጭጋግ ውስጥ ጎትቼ አወጣዋለሁ። በዚህ ሥራ አንደኛ ነኝ። እርግጥ ነው፣ ሁለተኛ የለም። እስከማውቀው ድረስ በዞናችን እንዲህ ያለ ሌንስ ያለኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ የመጨረሻውም እኔው ነኝ።

ከባለቤቴ ጋር ከሚሴ ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር ፎቶ ቤት አለን። ሰርግ ሲኖር የወንዶቹን ዳስ እኔ አነሳለሁ፤ የሴቶቹን ቤት እሷ። እኔ በዚያ በኩል ብቅ ብል ከነካሜራዬ ተጠርጌ እንደምወጣ አውቃለሁ። ኮምፒውተሩም፣ ማተሙም፣ ፍሬሙም የእሷ ነው። እኔ ደንበኛ አጫውታለሁ፤ ይህም ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ።

ሌንሱን ያገኘሁት ባቲ ነው፣ በሰኞ ገበያ። የሄድኩት ፍየል ልገዛ ነበር። ከፍየል ተራው ወጣ ብሎ አንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ላስቲክ ዘርግቷል፤ ቁልፍ የሌለው ጓጉንቸር፣ አንቴና የሌለው ሬዲዮ፣ አንድ ዓይኑ የወለቀ መነጽር። ላስቲኩን ነፋስ እንዳያነሳበት በአራቱም ማዕዘን ዕቃ ጭኖበታል። በሦስቱ ድንጋይ፣ በአራተኛው ሌንስ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኩት፣ እንደማያውቅ ሰው።

«የመድፍ ዓይን ነው» አለኝ። «ወላሂ፣ በዚህ ያየ ሰው እዚሁ ቆሞ አሰብ ያለውን መርከብ ይቆጥራል።»

«እስቲ ዛሬ ስንት መርከብ አለ?»

ቀና ብሎ ሰማዩን አየና «ዛሬ ደመና ነው» አለ።

አነሳሁት። ክብደቱ የእህል ሚዛን ድንጋይ ነው። ፊደሉ የሞስኮ ነው። አንደኛውን ቀለበት ሳዞረው ቅቤ ውስጥ እንደሚዞር ማንኪያ ለስልሶ ሄደ። ሁለተኛውን ሳዞር ውስጥ ያሉት ስስ ቢላዎች እንደ ድመት ዓይን ጠበቡ፣ ሰፉ። እኔ ተወልጄ ጥርስ ሳላወጣ የተሠራ ዕቃ ነው፤ ዛሬም አንዲት ቢላ አልተጣመመችም። ስለራሴ ጥርስ እንዲህ ማለት አልችልም። ዋጋውን አልጽፍም፤ ይህን ጽሑፍ ባለቤቴ ታነበዋለች።

«ፍየሉስ?» አለችኝ ቤት ስገባ።

ሌንሱን አወጣሁ። «ይኼ ከፍየል ይሻላል። ሳር አይፈልግ፣ አይጮህ።»

«አይበላም ደግሞ» አለች። ተቀብላኝ ወደ መስኮቱ አዙራ አየችውና ወዲያው፣ «ጠርዙ ላይ ጭረት አለው። ውስጡም ሻጋታ ጀምሮታል፤ እንደ ሸረሪት ድር ነው፣ ያውልህ» አለች።

«የቱ ጋ?»

«እዚህ ጋ! ጣቴ ሥር!»

«አ... አዎ፣ አየሁት» አልኳት። አላየሁትም ነበር። ብርሃኑ አልተመቸኝም ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ሌንሱ በካሜራዬ አፍ ላይ አልገጥም አለ። ካሜራው የትናንት፣ ሌንሱ የአያቱ ዘመን፤ በመሀላቸው ቀለበት ያስፈልጋል። ኮምቦልቻ ወደ አንድ የቶርኖ ባለሙያ ዘንድ ወሰድኳቸው። ሰውየው ኑሮው የወፍጮ ዕቃ መቅረጽ ነው። ሁለቱን አገላብጦ አየና «ዱቄት ያልነካው ዕቃ ሲመጣልኝ የመጀመሪያዬ ነው» አለ። ቀለበቱን ሁለት ጊዜ ቀረጸው፣ ሁለት ጊዜ ሰፋ። በሦስተኛው «ቀጭ» ብሎ ገጠመ። ያን ድምፅ የሰማሁ ጊዜ፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ የመጀመሪያ ልጄ ስትወለድ ከሰማሁት ለቅሶ ቀጥሎ ያለ ደስታ ነው የተሰማኝ።

ከዚያ በኋላ ከተማውን ሰላም ነሳሁት። ባጃጅ አነሳሁ፣ በቆሎ ጠባሽ አነሳሁ፣ ከጨፋ የሚመለሱ ከብቶች አነሳሁ። ከሰውየው ጀርባ ያለው ዝገት የበላው የቆርቆሮ አጥር በዚህ ሌንስ ሲነሳ ቀልጦ የተቀባ ግድግዳ ይመስላል። ቀትር ፀሐይ ላይ የሌንሱን ቀዳዳ አጥብቤ ስለማነሳ ቅርቡም ሩቁም አብሮ ይጠራል፤ ቀለበቱን ትንሽ ባዛባው እንኳ ፀሐይዋ ትሸፍንልኛለች። ይህን ያኔ አላወቅኩም። ሁሉንም ለጣቶቼ ጥበብ ሰጠሁት፤ ሰው እስኪሸሸኝም አወራሁለት።

ወሬው አንዲት ጨርቅ ነጋዴ ጆሮ ገባ። ገበያው መሀል ሱቅ ያላት፣ ስትስቅ ከሦስት ሱቅ የምትሰማ ሴት ናት። ያን ቀን ግን ሳትስቅ መጣች።

«ወንድሜ፣ ይኼ ሌንስህ አይጮህም ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?»

«እታለም፣ ድንጋይ ነው። ብርሃንም አያወጣም።»

ተቀመጠች። ልጇን ልትድር ነው። አባቷ የጨፋ ሸለቆ ገበሬ ናቸው፤ በአካባቢው ዱዓ ሲያደርጉ ሰው ከሩቅ የሚመጣላቸው ትልቅ ሼህ። የእሳቸው ፎቶ በቤታቸው የለም። ካሜራ ጠልተው አይደለም። ድሮ በአንድ ሰርግ ላይ ዱዓ መሀል ሳሉ አንዱ ካሜራውን ፊታቸው ላይ ደግኖ «ጢጥ ጢጥ» ሲያሰኝ፣ ቀዩንም መብራት ዓይናቸው ላይ ሲያበራ፣ እጃቸውን አጥፈው ተነሱ። ከዚያ ወዲህ ባለካሜራ ካለ አይመርቁም።

«ያለን የመታወቂያው ብቻ ነው» አለች። «እሱ ላይ ደግሞ ፍየል ሰርቆ የተያዘ ሰው ነው የሚመስለው። አባቴ ደክሟል። ልጄን ሲመርቃት፣ እጁን ዘርግቶ፣ አንድ ፎቶ ብቻ አንሳልኝ። ሌላውን ሰርግ ውኃ ቢበላውም ግድ የለኝም።»

«አንድ ብቻ?» አልኳት። «አርባ አነሳልሻለሁ፤ ከአርባው መምረጥ ነው የሚቸግርሽ።»

ባለቤቴ ከኮምፒውተሩ በላይ ቀና ብላ አየችኝ።

የሰርጉ ቀን ጨፋ ሄድን። ዳሱ በሸራ ተሸፍኖ ውስጡ ደብዘዝ ያለ ነው። ሼሁ ነጭ ለብሰው፣ ነጭ ጢማቸው ደረታቸው ላይ ወርዶ፣ መሀል ተቀምጠዋል። ቀርቤ «አከም ጅርቱ» ብዬ ሰላም አልኳቸው። ካሜራውን አዩት።

«ይኼም ይጮሃል?»

«አይጮህም፣ ሼህ። እንደ ድሮ ሰው ነው፤ በእጅ ነው የሚሠራው።»

«ሀዬ» አሉ፣ እሺ ማለታቸው ነው። ከኋላ የቆመችው ልጃቸው ትንፋሿ ሲመለስ ሰማሁት።

ሙሽራዋን ሴቶቹ አጅበው አመጧትና ከአያቷ ጎን ተቀመጠች። ባለቤቴም አብራ መጥታ ከእኔ አጠገብ ቆመች። ዱዓው ተጀመረ። በእኛ አገር ሲመረቅ ሁሉም ሰው ሁለት መዳፉን ከፍቶ «አሚን» ይላል፤ ባለካሜራም ሰው ነው። ራሱ በሚያጠራው ሌንስ ጊዜ ለዚህ ዘዴ ነበረኝ፤ በቀኝ እጄ ካሜራውን ይዤ እየተኮስኩ ግራ መዳፌን እዘረጋለሁ። ግማሽ አሚን ነው፤ ቢሆንም ማንም ተቆጥቶኝ አያውቅም። አሁን ግን ግራ እጄ ቀለበቱ ላይ ነው። ሁለቱም እጆቼ ተይዘዋል። ይህ አንድ ቀን እንኳ በሐሳቤ አልመጣም ነበር።

«ቆይ» አሉ ሼሁ። «ያ ባለካሜራው። እጅህን ምን ዘጋው?»

«ሼህ፣ ይኼ ሌንስ ሁለት እጅ ይፈልጋል።»

«ዱዓውም ሁለት እጅ ይፈልጋል።»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። የሙሽራዋን እናት አየኋት፤ እሷ አልሳቀችም። ከንፈሯን ነክሳ የአባቷን እጅ ነው የምታየው፤ መታጠፍ አለመታጠፉን። በርከክ ብዬ ካሜራውን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩና ሁለቱንም መዳፎቼን ከፈትኩ። ሼሁ ዝናቡን መረቁ፣ ማሽላውን፣ ከብቱን፣ የሄደውን፣ የቀረውን። ፎቶው እያመለጠኝ በእያንዳንዱ ላይ «አሚን» አልኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ከልቤ ጸልዬ አላውቅም፤ የጸለይኩት ግን እጃቸው እንዳይወርድ ነበር።

ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ። «ኢልመ ኪያ» አሉኝ፣ ልጄ ሆይ እንደማለት። «አሚንህን ብለሃል። አሁን የልጄን ልጅ ለብቻዋ እመርቃታለሁ፤ አንተ ሥራህን ሥራ።»

ብርሃኑ ስለሚያንስ የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። እንዲህ ሲከፈት የሚጠራው ቦታ ከአንድ ጣት ስፋት አይበልጥም፤ ጢም ላይ ካረፈ ዓይን ይደበዝዛል። ሼሁ እጃቸውን በሙሽራዋ ራስ ላይ ዘረጉ። እኔም ቀለበቱን ወዲህ፣ ቀለበቱን ወዲያ፤ ሠላሳ ጊዜ ያህል አነሳሁ። አንድ ሰው ዘወር አላለም። ከካሜራው ጀርባ ባለችው ትንሽ መስኮት ላይ ምስሉን ለማየት ካሜራውን ክንዴ እስከሚደርስ አራቅኩትና፣ «አለቀ! ይኼ ከአገር አገር የሚዞር ፎቶ ነው!» አልኩ በሹክሹክታ።

ባለቤቴ በትከሻዬ ላይ አየችው።

«ስጠኝ» አለች።

«ምን ሆነሽ?»

«ስጠኝ አልኩህ፣ እጃቸው ሳይወርድ!»

ሰጠኋት። መምህር ለተማሪው እንደሚስቅ ሳቅሁላትም። ትንፋሿን ይዛ ቀለበቱን ቀስ አድርጋ አዞረች፤ ሦስት ጊዜ ብቻ አነሳችና መለሰችልኝ። «ጎበዝ» አልኳት።

በማግሥቱ ጠዋት ኮምፒውተሩ ላይ ከፈትነው። ቀትር ላይ ነጋዴዋ ትመጣለች። የመጀመሪያው ፎቶ ሲገለጥ በኮምፒውተሩ መስኮት ስፋት አንድ የቦርከና ወንዝ የማለዳ ጉም አየሁ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ሼሁ ናቸው» አለች።

ሁለተኛው ጉም ነው። አሥረኛው ጉም ነው። ከሼሁ ኋላ ያለው የዳሱ ገመድ ግን ወላሂ፣ ክሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

«ገመዱን አሳምረህ አንስተኸዋል» አለች ባለቤቴ። «ለገመዱ ቤተሰብ እንስጠው?»

«ሻጋታው ነው። አንቺው አይደለሽ ሻጋታ አለው ያልሽ?»

«እኔ ሳነሳ ሻጋታው የት ሄዶ ነበር?»

ሦስቱን ከፈተቻቸው። ሁለተኛው ላይ ቆመች። የሼሁ ዓይኖች በከፊል ተከድነዋል፤ ከንፈራቸው አንድ ቃል ላይ ተከፍቶ ቀርቷል። በእጃቸው ጀርባ ላይ ያሉት ሥሮች፣ በጣታቸው ጫፍ የቀረችው የእርሻ አፈር፣ ከሥር የሙሽራዋ የሂና እጅ። ከኋላ ያለው ሕዝብ ሁሉ ቀልጦ ለስላሳ ጥላ ሆኗል። ያ የባቲ ድንጋይ፣ ላስቲክ መጫኛው፣ ለዚህች ቅጽበት ሲጠብቅ የኖረ መሰለኝ። እኔ የመረጥኩት ሌንስ ነው፤ በዚህ ዛሬም ደረቴን እነፋለሁ።

ነጋዴዋ መጥታ ታትሞ ፍሬም የገባው ፎቶ ፊት ቆመች። ከዚያ ጣቷን በአባቷ እጅ ላይ በመስታወቱ በኩል አሳረፈችና «አባቴ እንዲህ ነው» አለች። «ይኸው እንዲህ ነው።» ወደ እኔ ዞረች፣ «እጅህ ይባረክ!» ብላ ዓይኗን በሻሿ ጠረገች። «አሚን» አልኩ ቶሎ ብዬ። ባለቤቴ የማተሚያውን ወረቀት ታስተካክል ነበር፤ የተስተካከለውን ደግማ አስተካከለችው።

ዓርብ ከሰላት በኋላ ሼሁ ራሳቸው በምርኩዝ መጡ። መስኮታችን ላይ የተሰቀለውን አዩ፤ ራቅ አሉ፣ ቀረብ አሉ።

«ይኼ እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት፣ ሼህ።»

«እንግዲያው መታወቂያዬ ላይ ያለው ሰውዬ ማን ነው?»

ስቀን ሳንጨርስ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «ይኼን ያየ ዓይን አይደብዝዝ። ይኼን የሠራ እጅ አይንቀጥቀጥ።» መዳፎቼን ከፈትኩ፤ በዚያ ቀን ምንም የያዝኩት ነገር አልነበረም። ከኋላዬ ባለቤቴ ከእኔ ከፍ ባለ ድምፅ «አሚን!» አለች።

«አንተሳ፣ ዝም አልክ?» አሉኝ ሼሁ።

«አሚን» አልኩ።

አልነገርኳቸውም። ፎቶው አሁንም መስኮቱ ላይ ነው፤ ከሥሩ የእኔ ስም ያለበት ማኅተም አለ። ከኮምቦልቻ ድረስ መጥተው «ማን አነሳው?» ሲሉኝ «ሌንሱ የባቲ ነው» እላለሁ፤ እሱ ውሸት አይደለም።

ፎቶውን ያነሳችው ባለቤቴ ናት። እኔ ከሦስት ዓመት ወዲህ ቅርብ ያለ ነገር አይጠራልኝም። ራሱን በራሱ የሚያጠራው ሌንስ ሲያይልኝ ስለቆየ አልታወቀብኝም፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩም። አሁን መነጽር ገዝቻለሁ። ሰርግ ቤት ስሄድ ግን ከኪሴ አላወጣውም።