ዱላ የሌለበት ለቀማ

ደፍሬ በመጻፌ ይቅርታ አድርጉልኝ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ካሳደግሁ በኋላ ነው። ግን ስለ ወንድሜ ስለ ዙህዲ አንድ ሰው መጻፍ አለበት፤ ያየሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ዙህዲ የሚሄደው በከዘራ ነው። ወጣት ሳለ ድንጋይ ሲፈልጥ እግሩ ተሰብሯል። ከአባታችን የቀረን ቁልቁለቱ ላይ ያለው የወይራ ቦታ ነው፤ ከሱ በላይ ኮረብታው ላይ የእኛን የፍልስጤማውያንን መሬት የሚፈልጉ እስራኤላውያን ሰፋሪዎች አሉ። አንድ ዓመት ሳንለቅም ከቀረን ትተውታል ብለው እንዳይወስዱብን እንፈራለን።

ዙህዲ ያወጣው ሕግ አለ። ድንጋይ የሚያነሳ ሰው ከእኛ ጋር አይወርድም። ፍሬ ማራገፊያው ዘንግም እቤት ይቀራል፤ ከሩቅ መሣሪያ ይመስላል። በእጅ ብቻ ነው።

ኤልዳድ የሚባል እስራኤላዊም ከኢየሩሳሌም እየመጣ አብሮን ይለቅማል፤ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሰፋሪዎች ሲወርዱ መሐል ይቆማል እንጂ አይጣላም።

«ኤልዳድ፣ ከአንተስ ፍየሌ ትሻላለች! ቅጠሉን ነው እኮ የምትለቅመው» ይለዋል ዙህዲ።

«ፍየልህ አውቶቡስ ትነዳለች?»

«ከአንተ ሳትሻል አትቀርም።»

ዘንድሮ ግን ሳቁ አጠረ። መጀመሪያ ቀን ኮረብታው ላይ ሁለት ሰዎች ቆመው ያዩን ነበር። በማግስቱ አምስት ሆኑ። ሐሙስ ዕለት መቁጠሩን ተውኩት። ፊታቸውን ሸፍነዋል፤ አይጮኹም። ውሾቻቸው እንኳ ዝም ብለዋል።

የጫፉ ፍሬ አሳሳኝ። ዝናብ ሊመጣ ነው ብዬ ዘንጉን በሸራ ጠቅልዬ፣ ከወንድሜ ደብቄ ወረድኩ። ያነሳሁት አንዴ ብቻ ነው። ከላይ ፉጨት ሰማሁ፤ ከዚያ ወረዱ።

ኤልዳድ እጆቹን ዘርግቶ ፊታቸው ቆመ። ዘንጌን ቀምተው በዚያው ክንዱን ሰበሩት። የዙህዲ ልጅ ሲራጅ ድንጋይ አነሳ።

«ጣለው!» አለ ዙህዲ።

«አባ፣ እየገደሉት እኮ ነው!»

«ጣለው ልጄ። ዛሬ ከወረወርክ ነገ እዚህ አንቆምም።»

ይህን ብሎ እያነከሰ ሄደና ኤልዳድ ላይ ተኝቶ በሰውነቱ ሸፈነው። ሲራጅ እያለቀሰ ድንጋዩን ጣለ። ወታደሮች መጥተው ያስወጡት እኛን ነው፤ ኤልዳድ ሐኪም ቤት ተወሰደ። «ዱላ ይዛችሁ የመጣችሁት እናንተ ናችሁ» አሉን። ፊታቸውን ከሸፈኑት አንዱ በአጠገቤ ሲያልፍ ቀስ ብሎ «ነገ» አለኝ።

ማታ «ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት ወንድሜን። አልተቆጣኝም።

«ስንት ዛፍ ቀረ?»

«አስራ ሁለት።»

ጠዋት ዙህዲ ከዘራውን በሩ ላይ አስደግፎ ተወው። «ይሄም ዱላ ነው» አለ። እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ፤ ሲራጅ ሸራውን ተሸክሞ ተከተለን። ሰዎቹ ኮረብታው ላይ ቆመዋል። ቁልቁል ወረድን።