ከመቶ ማሳ አራቱ

በክሪ በበደሳ ዙሪያ የቡና በሽታ እየተዘዋወረ የሚመዘግብ ሰው ነበር። እኔ የመድኃኒት መርጫውን ተሸክሜ አብሬው ዞሬአለሁና የምጽፈው ያየሁትን ነው።

በሽታው ፍሬውን በጮርቃነቱ አጥቁሮ ያረግፈዋል። መድኃኒቱ የሚበጀው ምልክቱ ሳይታይ ሲረጭ ነው። በ1976 ዓ.ም. የደረሰን ለአምስት ማሳ ብቻ የሚበቃ ነበር፤ ማሳዎቹ ግን መቶ ናቸው። ክፉኛ የሚመቱትን በክሪ አስቀድሞ መለየት ነበረበት።

የአምናው መዝገብ ሰማንያውን «ደህና»፣ አሥራ ስድስቱን «በመጠኑ የተነካ»፣ አራቱን «ክፉኛ የተመታ» ይላል። ከአሰበ ተፈሪ የተላከው ወጣት ባለሙያ ይልቃል መዝገቡን አይቶ ሳቀ።

«ጓድ በክሪ፣ ምን ያደክምሃል? ሁሉም ደህና ነው በል፤ ከመቶው በሰማንያው ግምትህ ልክ ይሆናል። ካልሆነም አራቱን ከአሥራ ስድስቱ ጋር ደባልቃቸው።»

«በመጠኑ የተነካበት ገበሬ ቢቀንስም ይለቅማል። ክፉኛ የተመታበት ባዶ ጆንያ ይዞ ይገባል። እንዴት አንድ ላይ ይጻፋሉ?»

ሆኖም መንስኤውን ለመለየት አራት ማሳ ትንሽ መሆኑን በክሪ አልካደም። ወደ መሰላና ወደ ቦኬ በእግራችን ሄደን፣ በቀደሙት ዓመታት ክፉኛ የተመቱ ሌሎች አሥራ ስድስት ማሳዎችን አየን። ከደህናዎቹ ደግሞ ሃያውን በዕጣ አወጣ። የተመቱትና የደህናዎቹ ቁጥር ሲቀራረብ ነገሩ ተገለጠ፤ ክፉኛ የተመቱት ጉም በሚተኛበት ሸለቆ ያሉ፣ የጥላ ዛፋቸውም ጥቅጥቅ ያለ ማሳዎች ናቸው። በመጠኑ የተነኩት ከሁለቱ አንዱ አለባቸው። ደህናዎቹ አብዛኞቹ አንዱም የለባቸውም።

«እንግዲያውስ ግማሹ አገር ሊመታ ነው!» አልኩት።

«ሃያ የተመታ ለሃያ ደህና ያደረግሁት እኔ ነኝ እንጂ አገሩ እንዲያ አይደለም» አለኝ። ከመቶው ጉሙም ጥላውም የጠናባቸውን አምስት ማሳዎች ብቻ መረጠ።

አንዱ የረዲያ ነበር። ባሏ ሞቶባት አራት ልጆች የምታሳድገው በዚያ ማሳ ነው። አምና በመጠኑ ብቻ ተነክቶ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ጥላው ሸለቆውን አጨልሞታል። አምስቱንም ረጨን፤ ግምቱን ለመፈተን ከእያንዳንዱ አንድ አንድ መስመር ሳንረጭ ተውን።

በነሐሴ ይልቃል መጥቶ ያልተረጩትን መስመሮች ቆጠረ። በሁለቱ ማሳ ጠቁረዋል፤ በሦስቱ አረንጓዴ ናቸው።

«ከአምስት ሦስት ሳትህ፣ ጓድ በክሪ! እኔ ከመቶ ሃያ ብቻ ነው የምስተው።»

ረዲያ ከጠቆረው መስመሯ አንድ ቅርንጫፍ ቀንጥባ እጁ ላይ አኖረችለት። ፍሬው ሲነካ ይረግፍ ነበር።

«እሱ ቢስት መድኃኒት ነው የሚባክነው፣ ልጄ። አንተ ብትስት ግን ስህተትህ እኔ ቤት ይገባል።»

በክሪ ግን በሦስቱ ማሳዎች የባከነው መድኃኒት ሌሎች ሦስት ሰዎችን ያተርፍ እንደነበር ያውቃል።

«አዴ ረዲያ፣ ከርሞም እዚህ ነው የምንጀምረው» አላት።

«አይሆንም፣ ኦቦ በክሪ። ቡናው ይለቀም እንጂ ጥላውን አሳሳዋለሁ። መድኃኒቱን ለሌላ ሸለቆ ስጡት።»