የጋፋቱ ጥቁር ድንጋይ

መምህር ላቀው በደብረ ታቦር ፊዚክስ ሲያስተምር መጽሐፉን ከኋላ ነበር የሚጀምረው። በፀሐይ ዙሪያ ስለሚዞሩት ትንንሽ አካላት፣ ስለ አስትሮይዶችና ስለ ጅራታም ኮከቦች የሚናገረው የመጨረሻው ምዕራፍ አንድ ገጽ ተኩል ብቻ ነው። ሌሎቹ መምህራን ሰኔ ደረሰብን እያሉ ይዘሉታል። እሱ ግን መስከረም ላይ፣ ገና የተማሪው ደብተር ሳይቆሽሽ ያስተምረዋል። ተማሪዎቹም «ጋሼ ጠጠር» ብለውታል፤ ያውቃል፣ አይቆጣም።

ነገሩን የወደደው ኮሌጅ ሳለ ነው። በአንድ አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ ከሰማይ የወረደ ድንጋይ ሥዕል አይቶ፣ ይህን ብቻ እያጠኑ የሚኖሩ ሰዎች እንዳሉ አነበበ። እኔም ከነሱ ጋር በሆንኩ አለ። ከዚያ በ1984 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ተመደበ፣ ትዳር ያዘ፣ ልጆች መጡ፤ ምኞቱም እንደ ክት ልብስ ተጣጥፎ ተቀመጠ።

ሃያ አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ድሮ ያስተማራት ፋሲካ፣ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ መምህርት የሆነችው፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀችው።

«ጋሼ ላቀው፣ የእርስዎ ነገር መጣ።»

«የእኔ ነገር ደግሞ ምንድን ነው?»

«ጠጠሩ ነዋ።»

በትንንሽ የሰማይ አካላት ላይ ውጭ አገር የሚሰጥ የሦስት ወር የምርምር ሥልጠና ነበር። አመልካቹ ከአካባቢው ያገኘውን አንድ ነገር አጥንቶ መላክ አለበት።

«ለሽማግሌም ነው?» አላት።

«ዕድሜ አይገድብም ይላል።»

ላቀው ወዲያው የእማማ ብዙነሽ ድንጋይ ትዝ አለው። እማማ ብዙነሽ ጋፋት የሚኖሩ የሚስቱ አክስት ናቸው። ጓዳቸው ውስጥ፣ የእህል ጎታቸው ክዳን ላይ የሚጭኑት፣ የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል ጥቁር ድንጋይ አላቸው። ከሰማይ ወረደ ይባላል። ቅዳሜ ጠዋት በእግሩ ሄደ። ማግኔት ከኪሱ አውጥቶ ሲያስጠጋው ጥብቅ አድርጎ ያዘ።

«ይስጡኝ እማማ፣ ልመርምረው።»

«አይጦቹንስ ማን ሊከለክልልኝ ነው?»

«ሌላ ድንጋይ እጭንበታለሁ።»

«ሌላው ምድራዊ ነው፤ አይጥ አይፈራውም» ብለው ሳቁ። «በል ውሰደው። አማቼ ሲወርድ በዓይናቸው አይተውታል። ብቻ መልሰህ አምጣ።»

በዚያ ሳምንት ላቀው ጠመኔ እንደያዘ በመሐል ሐሳብ ይወስደው ጀመር። አይቶት የማያውቀው ቤተ ሙከራ ይመጣበታል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን አጠገቡ ቁጭ ብሎ ስለ ጠጠር የሚያወጋው ሰው። በዚህ ሁሉ ዓመት ስለዚህ ነገር ፈተና ላይ ይወጣል ወይ ብሎ የጠየቀው እንጂ ያወጋው ሰው አልነበረም።

ድንጋዩን ብየዳ ቤት ወስዶ ጥጉን አስቆረጠ። ውስጡ እንደ እርሾ ዳቦ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ ተገኘ። መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ ደግሞ አየ። ከሰማይ የሚወርድ ድንጋይ እንዲህ ያለ ቀዳዳ የለውም ማለት ይቻላል፤ እንዲህ የሚሆነው ምድጃ ውስጥ ብረት ሲቀልጥ የሚተርፈው ቅሪት ነው። ጋፋት ደግሞ አጼ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበት አገር ነው። ይህን የደብረ ታቦር ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ላቀውም ያውቅ ነበር፤ ሊያስበው አልፈለገም እንጂ።

ፋሲካ የተቆረጠውን ፊት በጣቷ ዳሰሰች። «ያልተቆረጠውን ፊት ብቻ ፎቶ አንስተን እንላከው። ማግኔት መያዙ ይበቃል። ለመግቢያ እኮ ነው» አለች።

ላቀው ድንጋዩን በመዳፉ ወዲህና ወዲያ አገላበጠው። ሌላ ዕድል እንደማይመጣ ልቡ ነግሮታል።

«የሚያወጋኝን ሰው ገና ሳገኘው በውሸት ልጀምረው?» አለ በመጨረሻ።

የተቆረጠውን ፊት ፎቶ አንስቶ፣ የምድጃ ቅሪት ከሰማይ ድንጋይ በምን እንደሚለይ ጽፎ ላከ። ክረምቱ ሲገባ አጭር ምስጋና መጣለት፤ ቦታ ግን አልሰጡትም።

ድንጋዩን ሊመልስ ጋፋት ሄደ።

«ታዲያ ከየት ነው?» አሉ እማማ ብዙነሽ።

«ከዚሁ ነው እማማ። ከመድፉ ምድጃ።»

«አማቼ እንዲህ ነበሩ። ልጄ ጠላ አይቀምስም ብለው ነው ያጩኝ።»

የላቀውን ፊት ሲያዩ ግን ቀልዱን ተዉት። ማረሻ የነካው ጥቁር ድንጋይ ሁሉ ለመምህሩ ይድረስ ብለው ለጎረቤቱ ተናገሩ። ገበሬዎቹም ገበያ ሲመጡ በአህያ ጭነት መሐል ሸጉጠው ያመጡለት ጀመር። ላቀው ሁሉንም አስቆረጠ፤ ሁሉም ቀዳዳ ነበራቸው። «መምህር፣ ንጉሡ ከመድፉ ይልቅ ይኼን ነው እንዴ ያመረቱት?» አለው በያጁ።

ከይፋግ ወገን የመጣውን አንዱን ብቻ አላስቆረጠም። ትንሽ ነው፤ ቆዳው ኮሌጅ ሳለ መጽሐፍ ላይ እንዳየው ድንጋይ የተላሰ ይመስላል። መስኮት ላይ አስቀመጠው፤ ከትምህርት ሲመለስ አንስቶ በመዳፉ ይመዝነዋል። እማማ ብዙነሽ ሊጠይቁት መጥተው፣ «ይኼንንስ ምነው ተውከው?» ቢሉት፣ «ይቆይ እማማ» አላቸው።

ዘንድሮ ፋሲካ ደወለች። «ጋሼ፣ ሥልጠናው እንደገና ተከፍቷል። ምን እንላክ?»

ላቀው ስልኩን ዘግቶ መስኮቱን አየ። ድንጋዩን በጋቢው ጫፍ ጠቅልሎ ወጣ። ብየዳ ቤቱ ከቤቱ ብዙ አይርቅም። እሱ ግን በላይኛው መንገድ ዞሮ፣ የሚያውቀውን ሁሉ ቆሞ ሰላም እያለ፣ ቀስ ብሎ ሄደ።