«በሞቴ» የተከለከለበት ቤት

ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ ጠላና አረቄ እሸጥ ነበር። እንጀራ ነው፤ የሚፈርድብኝ ካለ ይፍረድ።

ካርቱም የእረፍት ቀን አርብ ነው። ያገሬ ልጆች ከሥራ የሚያርፉት ያን ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ጾም መሆኑን እያወቁ እኔ ቤት ይሰበሰባሉ። ሲሰበሰቡ ደግሞ ጠብ አይጠፋም። መነሻውን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም፤ «በሞቴ» ነው። አንዱ ይቀዳል፣ ሌላው በቃኝ ይላል፣ «በሞቴ» ይባላል። እምቢ ያለ የጋባዡን ሞት እንደናቀ ይቆጠራል። እሺ ያለ ይሰክራል። ለእኔ የሚተርፈኝ ያው የተሰበረ ብርጭቆ ነው።

ሱዳናዊቷ ጎረቤቴ ደግ ሴት ነበረች፤ እሷም ቢመራት «ከእንግዲህ ጠብ ከሰማሁ ሹርጣ እጠራለሁ» አለችኝ። ፖሊስ ከመጣ እንጀራዬ አበቃ። ከሁሉ በላይ የምሰጋው ግን ለታናሽ ወንድሜ ነበር። ጠጥቶ አያውቅም፤ ሰው ሲጣላ ግን መሀል ሳይገባ አይሆንለትም። ስንቴ «አንተን ማን ዳኛ አደረገህ?» ብዬ ተቆጥቼዋለሁ። «እትዬ፣ ታዲያ ሲገዳደሉ ቆሜ ልይ?» ይለኛል።

ስለዚህ ከለከልኩ። በር ላይ ቆሜ ለገባው ሁሉ «እዚህ ቤት በሞቴ የለም፤ ያሰኘው ራሱ ቀድቶ ይጠጣ» እላለሁ። መጀመሪያ «ሞታችንንም ወረሰችው» እያሉ ሳቁብኝ። ኋላ ለመዱት። ወራት ያለ ጠብ አለፉ፤ ጎረቤቴም ሰላምታዋን መለሰችልኝ።

አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ልብስ እያዞረ የሚሸጥ ደንበኛዬ ከአገር ቤት የመጣ አብሮ አደጉን ይዞ መጣ። እሱ መጠጥ ከተወ ቆይቷል፤ የመጣው እንግዳውን ሊጋብዝ ነው። እኔ ጓዳ ስለነበርኩ ክልከላውን ለእንግዳው የነገረው የለም። ሰውየው ከስንት ዓመት በኋላ ጓደኛውን በማግኘቱ ደስ ብሎት ቀዳለትና «በሞቴ» አለው። ጓደኛው አልጠጣም አለ። «ሞቴን ናቅከው?» ሲል ሰማሁ። ስወጣ ወንድሜ መሀላቸው ገብቷል፤ እንግዳው የተሰበረ ጠርሙስ ይዟል። ጠርሙሱ ያገኘው ወንድሜን ነበር፤ ደሙ እየፈሰሰ በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው። አልተረፈም።

ቤቱን በዚያው ዘጋሁት። እናቴ በስልክ «ልጄ ከማን ተጣልቶ ነው?» አለችኝ።

«ከማንም አልተጣላም እማዬ። ሁለት ጓደኛሞች ሲገባበዙ ነው።»

 «ሲገባበዙ ሰው ይሞታል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ስልኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ።