አልድን ያሉት የሾፌሯ ሲጋሮች

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «ቆይማ» ነው የሚለው። ስሙ አይደለም፤ ከአፉ የማይጠፋ ቃል ነው። ፍሪጃቸው የቆመባቸው ሰዎች «ኧረ ሥጋው ሊበላሽ ነው፣ ቶሎ በል!» ብለው ሲጮሁበት መፍቻውን ያስቀምጥና «ቆይማ» ይላል፤ ጆሮውን ሞተሩ ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። እኔ ታናሹ ነኝ። ትዕግሥት ሲታደል የእኔንም ድርሻ እሱ ሳይወስደው አልቀረም። የምንኖረው አንድ ቤት ነው፤ የፊተኛው ክፍል ግማሹ የእሱ ፍሪጆች፣ ግማሹ የእኔ የልብስ ስፌት መኪና ነው። ሚስት የለውም። ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ ደሜ ይፈላል። ሴት ባየ ቁጥር «ቆይማ» እያለ ጸጉሩ ሸበተ!

ከእኛ በላይ ፎቁ ላይ ሾፌሯ ትኖራለች። ዕድሜዋን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ስትስቅ ደረጃው የሚያስተጋባ ሴት ናት። እሑድ እሑድ በረንዳዋ ላይ ትወጣና እግሯን ብረቱ ላይ ሰቅላ ሲጋር ታጨሳለች። ሲጋራ አላልኩም፤ ሲጋር! ያንን አውራ ጣት የሚያክለውን። ጡረታ የወጣች ዕለት የሥራ ባልደረቦቿ አንድ ሳጥን ሙሉ ሰጥተዋት ነው። ጎረቤቱ ያማታል፤ እኔ ግን ነፍሴ ነው የምትወዳት። ወንድሜስ? ወንድሜማ እሑድ በመጣ ቁጥር ፍሪጅ እየገፋ አውጥቶ ልክ ከበረንዳዋ ሥር ነው የሚጠግነው። እኔ ዕውር ነኝ እንዴ?

አንድ ቀን ያንን የሲጋር ሳጥን ታቅፋ መጣች። አንዱን አንስታ ጆሮዬ ሥር ጨመቅ ብታደርገው እንደ ደረቅ ቅጠል ተንኮሻኮሸ።

«ደርቀው ሞቱብኝ» አለች። «ልጄ ደግሞ በወሩ መጨረሻ እሷ ወዳለችበት ከተማ ልትወስደኝ ነው። ብቻሽን አትኖሪም ብላ ወጥራ ይዛኛለች። እነዚህን ይዤ ነበር መሄድ የፈለግኩት። እርስዎ የቅዝቃዜና የእርጥበት ነገር ያውቃሉ ይሉኛል፤ ነፍስ ይዘሩልኛል?»

ወንድሜ ክው አለ። ያስደነገጠው «ልትወስደኝ ነው» ያለችው ነገር እንጂ ሲጋሩ እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ። ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? «ይድናሉ፣ ይተዉልኝ» አላት። ጉድ እኮ ነው! ሲጋሮቹ ከዳኑ ሴትዮዋ ይዛቸው ልትሄድ፣ እሱም ተመልሶ ብቻውን ሊቀር። ሥራ አበላሽ ብትሉት ደግሞ ሞቶ ይገኛል።

ያንኑ ዕለት ምርጡን የፕላስቲክ ምግብ ማስቀመጫ ሳጥኔን ወሰደብኝ! በአራቱም ጎን መያዣው ቀጭ ብሎ የሚዘጋውን፣ ክዳኑ ዙሪያውን ጎማ ያለውን።

«የእሷ የእንጨት ሳጥን አየር ያስገባል» አለኝ። «ይሄ ግን እንደ ፍሪጅ በር ግጥም ይላል።»

አሸተተው። ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል ብሎ ፊቱን አጨማደደ፤ ትምባሆ ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል አሉ። ሳሙና ሳያስነካው በፍል ውሃ ደጋግሞ አጠበውና ንፋስ ላይ ሰጣው። ሽታው ሲጠፋለት በጠርሙስ ቆርኪ ጨው አድርጎ፣ ጠብ ጠብ አድርጎ ውሃ ጨመረበትና ሰዓት ከምታክል የእርጥበት መለኪያ ጋር ሳጥኑ ውስጥ ዘጋበት።

«ጋሼ፣ ሲጋሩን በጨው ልትቀቅለው ነው እንዴ?»

«መለኪያዋን ልፈትናት ነው። እርጥብ ጨው ካለበት ከመቶ ሰባ አምስት ማለት አለባት። ሌላ ካለች ዋሽታለች ማለት ነው።»

በማግሥቱ ሰባ አምስት ብላ ቁጭ አለች! እኔ ምን አገባኝ ብላችሁ ነው፣ ግን በደስታ አጨበጨብኩ። ጨዉን አወጣና አዲስ ስፖንጅ ቆርጦ ቀቀለ፤ ከፋርማሲ በተገዛ የተጣራ ውሃ ነክሮ፣ ጠብታ እንዳይወጣው አድርጎ ጨመቀውና ቀዳዳ ባለው የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ ከተተው። ያንን በአንድ ጥግ፣ ሲጋሮቹን ራቅ አድርጎ በሌላው ጥግ ደረደረ።

«አንዴ በደንብ አጠጣቸውና ተገላገል እንጂ!» አልኩት።

«ቆይማ። ቶሎ ከጠጡ ያብጡና የላይኛው ቅጠል ይተረተራል። ቀስ እያሉ ነው የሚመለሱት። ስልሳ ስምንት ላይ ረግተው ከቆዩ ድነዋል።»

መተርተር ካለማ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ገባኝ።

ሾፌሯ በየምሽቱ በሽተኞቿን ልትጠይቅ መምጣት ጀመረች። በርጩማ ስባ ትቀመጣለች፣ ክዳኑን ከፍታ ታሸታለች፣ ቁጥሯን ጮክ ብላ ታነባለች። ከዚያ ወሬ ነው! ፍሬን እምቢ ስላለው አውቶቡስ፣ በተሳፋሪ ወንበር ላይ ስለተረሳው ሰው ሠራሽ ጥርስ። ወንድሜ ጥርሱ እስኪረግፍ ይስቃል። ኧረ ይሄ ሰው መሳቅም ያውቃል! እኔ ከመኪናዬ ኋላ ሆኜ አንድ ቀሚስ ሁለቴ ሰፍቼ ሁለቴ ፈታሁ።

አንድ ነገር ግን አልሆን አለ። ቀን ቀን ወደ ስልሳ ስምንት የተጠጋው ቁጥር ጠዋት ሲታይ ቁልቁል ወርዶ ይገኛል። ወንድሜ የክዳኑን ጎማ ለወጠ። ስፖንጁን ለወጠ። ሳጥኑን ከመስኮቱ አንስቶ ፀሐይ የማያገኘው መደርደሪያ ላይ አዛወረው። ወይ ፍንክች! እንቅልፍ አጣ። «ዘግቼው አየር ያስገባ በር አላውቅም» እያለ ይብሰለሰላል። እኔ ደግሞ ተናደድኩ፤ በሳጥኑ ሳይሆን በእሱ። ሴትዮዋ ልትሄድ ነው፣ ሻንጣዋ ደረጃው ላይ ወጥቷል፣ እሱ ጎማ ይለካል!

አንድ ምሽት እጁን ሊታጠብ ወደ ጓዳ ገባ። እኔ መርፌ ወድቆብኝ ከመኪናዬ ሥር ተንበርክኬ ስለነበር ሾፌሯ አላየችኝም። ሳጥኑን ልትዘጋ አነሳች። ቀጭ አደረገች አንዱን። ቀጭ ሁለተኛውን። ቀጭ ሦስተኛውን። አራተኛውን… አራተኛውን በምላሷ! እውነቴን ነው፣ ጣቷን እንኳ ሳታስጠጋው በምላሷ «ቀጭ» አለችና ያንን ጎን ወደ ግድግዳው አዙራ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ጓዳ ያለው ሞኝ ወንድሜ አራት ቀጭታ ቆጥሮ ልቡ አርፏል! ጠዋትም ዓይኑ ቁጥሯ ላይ ብቻ ስለሆነ መያዣዎቹን ሳያይ ጠራርጎ ነው የሚከፍታቸው።

ጩኸቴን በሁለት እጄ አፈንኩት። ምሽቱን እንዴት እንደቻልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ደህና እደሩ ብላ ስትወጣ በሩ ሳይገጥም ዘለልኩበት።

«ጎማው ምንም አልሆነም! እሷ ናት! መሄድ አትፈልግም፣ አንተ ድንጋይ! ሲጋሮቹ እስካልዳኑ ድረስ አልሄድም ልትል ነው!»

ሳጥኑን አውርዶ ያልተዘጋውን ጎን በጣቱ ዳበሰው። ደጋግሞ ዳበሰው። ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«ቆይማ» ካልክ እገልሃለሁ አልኩት። አላለም።

በማግሥቱ ምሽት ሾፌሯ ስትመጣ ሳቋ አልነበረም። ልጇ ደውላ ነገ በመኪና መጥታ እንደምትወስዳት ነግራታለች።

«እንግዲህ የዳኑትን ያህል ድነዋል፣ ልውሰዳቸው» አለች በርጩማው ላይ እንኳ ሳትቀመጥ።

ወንድሜ ሳጥኑን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አንዱን ጎን ከፈተ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውንም ከፈተ። ክዳኑን ጨርሶ አነሳና በእጁ ያዘው። እኔ መቀሴን እንደጨበጥኩ መቁረጤን ተውኩ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለችው።

«አንዱን ጎን ብቻ ከፍተን ብናድር ይዘገያሉ እንጂ መዳናቸው አይቀርም» አላት። ዓይኗን ማየት አልቻለም፤ የሚያየው ሲጋሮቹን ነው። «እንዲህ ክዳናቸውን ካነሳን ግን ጨርሶ አይድኑም።»

«እና?»

«እና እርስዎም አይሄዱም።»

ሾፌሯ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ ምንም እንደማያውቅ ሰው ጣራ ጣራውን አየሁ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ክዳኑን ከእጁ ተቀበለችና ሳጥኑ ላይ ገጠመችው። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። በመጨረሻውም ላይ አውራ ጣቷን አሳርፋ ተጫነችው፤ ቀጭ አለ።

«ሲጋሮቹ ምን በደሉ? ይዳኑ» አለች። «እኔ የትም አልሄድም። ነገ ለልጄ የምትነግራት ግን አንተ ነህ።»

አንተ አለችው! እርስዎ ቀርቶ አንተ! መቀሴን ጥዬ ጮህኩ።