ቻይና ያላለችው

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን ለስልጠና ብሎ ዓለም ገና አንድ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበን። እኔ ስልጠና አልወድም፤ የምሄደው ለምሳው ነው ብል ውሸት አይሆንም። አሰልጣኙ ሱፉ ጥንቅቅ ያለ ሰው ነው፤ ስለ ሕዝብ ተሳትፎ ያስረዳናል። መሀል ላይ ጢሙ ደረቱ ድረስ የወረደ ቻይናዊ ሽማግሌ ከፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ ብቅ አለ። ከሥሩም «ጎረቤትህ ደግሶ ካልጠራህ፣ በሬዎችህን ቁጠር» የሚል «የቻይናዎች አባባል» ተጽፏል። ሰዉ ሳቀ፤ ከፊት የተቀመጡት አጨበጨቡ። የእኔ ሻይ እንደያዝኩት ቀዘቀዘ።

ሽማግሌውን አላውቀውም። ቃሉን ግን አውቀዋለሁ፤ በገዛ እጄ ቆርጬ ታክሲ ላይ የለጠፍኩት ነው።

አዲስ አበባን በዙሪያዋ ገበሬ መሬት ላይ ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ቡራዩን ባመሳት ጊዜ ገና ጎረምሳ ነበርኩ፤ ጋሽ ሙክታር ሱቅ ውስጥ የታክሲ ጥቅስ እየሠራሁ እንጀራዬን እበላለሁ። ሹፌሮች ከያሉበት የሰሙትን ቃል ይዘውልን ይመጣሉ፤ እኛ በስቲከር እናወጣዋለን። ጋሽ ሙክታር አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ጥቅስ ያለ ባለቤት አይወጣም። ባለቤቱ ደግሞ ከሩቅ መሆን አለበት። «ቡራዩ የተወለደ ጥቅስ ማን ይገዛል? ነቢይ በአገሩ አይከበርም» ይሉና «የቻይናዎች አባባል» ብለው ያስጽፉኛል። በሚስት የሚቀልደውም፣ ስለ መልስ የሚጨቃጨቀውም ሁሉ ቻይና ነው። ቻይና ለእኛ ታክሲ ይህን ያህል መጨነቋ ያስቀኝ ነበር።

የበሬውን ያመጣው ጓደኛዬ ገመቹ ነው፤ ከገፈርሳ አስኮ ሚኒባስ ይሠራ ነበር። እውነትም መጀመሪያ ተሳፋሪው ሳቀ። ቆይቶ ግን ሳቁን ትቶ እየደጋገመ ያነበው ጀመር። ዙሪያችን ያለው ገበሬ ያልተጠራበት ድግስ እንዳለ ያውቅ ነበርና፣ ቃሉ ከታክሲ ታክሲ እየዘለለ ሰበታ ደረሰ፤ ሱሉልታም ታየ ተባለ።

ታኅሣሥ ውስጥ ፍተሻ ላይ ፖሊሶች ገመቹን አስወረዱት። «ይሄን ማን ነው ያለው?» አሉት። «ቻይና» አለ። «የቻይና ማን?» ብለው ጣቢያ ይዘውት ገቡ። ስንቅ ይዤለት ስሄድ «የቃሉ ምንጭ ከመጣ ይለቀቃል፤ ካልመጣ ራሱ ነው የፈጠረው» አሉኝ። ገመቹ ስንቁን ሲቀበለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ገፈርሳ፣ ለቅሶ ቤት ነው የሰማሁት። አዴ ዲንቄ ቤት» አለኝ።

በነጋታው በእግሬ ሄድኩ፤ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ታክሲ የለም። የባሕር ዛፉ ሽታ ከተቃጠለ ጎማ ጋር ተቀላቅሎ ጉሮሮ ይይዛል። ከግድቡ ወዲህ ባለው ማሳ የታጨደ ጤፍ ተከምሯል፤ የሚወቃው ሰው ግን አይታይም። የእህል ክምር አይቼ የከፋኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

አዴ ዲንቄ የሚሏቸው እናት ደጃፋቸው ላይ፣ ከለቅሶው የቀረ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። «ኮቱ፣ ታኢ» ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝና ንፍሮ አቀረቡልኝ። ስንዴውን እያላመጥኩ የመጣሁበትን ተናገርኩ፤ ቃሉን ከማን እንደሰሙትም ጠየቅኳቸው። የድሮ ተረት ነው እንዲሉኝ እየተመኘሁ ነበር። በድሮ ተረት ማንም አይታሰርም።

«የእኔ አይደለም» አሉ። «የቶሎሳ ነው።»

ቶሎሳ ልጃቸው ነው፤ ያ ሁሉ ለቅሶኛ የመጣለት፣ ሰልፍ እንደወጣ በጥይት ተመቶ የቀረው። ቀያሾች ማሳቸው ላይ ችካል ሲተክሉ፣ እናቱ «ምን ሊሠሩብን ነው?» ቢሉት ሳቅ ብሎ ያን ተናገረ።

«ቀልደኛ ነበር። ለመጣው ሰው ሁሉ እሱን ነው የምነግረው» አሉኝ። «ድምፁ እየጠፋብኝ ነው፣ ኢልመ ኮ፣ የእኔ ልጅ። ቃሉ ግን አለ።»

የንፍሮውን ሳህን መለስኩላቸው። ይህንን ይዤ ጣቢያ አልሄድም ብዬ ስነሳ አብረውኝ ተነሡ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ።

«አዴ፣ ይቅርብዎት። እርስዎንም ያስሩዎታል» አልኩ።

«በልጄ ቃል የሰው ልጅ አይታሰርም። ደግሞስ የማን ነው ብለው ጠየቁ አላልክም? እኔ እናቱ ካልተናገርኩ ማን ይናገር?»

ጣቢያ ስንደርስ ጋሽ ሙክታር ቀድመውናል። ከሰበታና ከሱሉልታ ታክሲዎች ላይ የተላጡ ስቲከሮች አስመጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘርግተዋል። «ይኸው ምንጩ፤ አገሩ ሁሉ ቻይና ነው የሚለው» ይላሉ። ሁሉም የእኛን እያዩ የተቀዱ ናቸው። መርማሪው ግን አንድ በአንድ እያነሳ ያነባል፤ ልቡ ወደ ማመኑ አዘንብሏል።

አዴ ዲንቄ ፊቱ ቆመው «ቃሉ የልጄ ነው» አሉ።

መርማሪው መጀመሪያ ስቲከሩን፣ ቀጥሎ ጭቃ የያዘ የፕላስቲክ ጫማቸውን አየ። «እማማ፣ ይሄ የቻይና ነው። ተጽፏል እኮ።»

ጋሽ ሙክታር ፈጠን ብለው «ኀዘንተኛ ናቸው፤ የሰሙት ሁሉ የልጃቸው ይመስላቸዋል» አሉ። ገመቹንም አዴ ዲንቄንም ለማትረፍ እንደሆነ ገብቶኛል። ገመቹ ተጠርቶ ከየት እንደሰማው ተጠየቀ። አዴ ዲንቄ ዓይን ዓይኑን ያዩታል። እሱ መሬት መሬቱን እያየ «የቻይና ነው» አለ፤ እንባው አገጩ ላይ ወርዷል።

ያኑ ዕለት ለቀቁት። አዴ ዲንቄ ከጣቢያው በር ወጥተው እኛን ሦስታችንን በየተራ አዩን።

«እንግዲያው ልጄ ምን አለ?» አሉ።

ልሸኛቸው ክንዳቸውን ብይዝ ቀስ ብለው እጄን አስለቀቁና ብቻቸውን ወደ ገፈርሳ ሄዱ። ጋሽ ሙክታር ከዚያ በኋላ ያን ጥቅስ አላሳተሙም፤ ጥቅሱ ግን ፈቃዳችንን አልጠበቀም። ማስተር ፕላኑም ቀርቷል ተባለ። አዴ ዲንቄ ካረፉ ቆይተዋል። አንዳንዴ ሰው በጥቅስ ሲደሰት ሳይ ይከፋኛል፤ ከሥሩ ባለው ትልቅ ስም የተደፈነ የስንት እናት አፍ ይኖር ይሆን እላለሁ።

አሰልጣኙ «ጥያቄ ያለው?» ሲል እጄን አወጣሁ።

«ቃሉ የቻይና አይደለም። ቶሎሳ የሚባል የገፈርሳ ልጅ ነው የተናገረው።»

ሰዉ ዞሮ አየኝ። አሰልጣኙ በትሕትና ፈገግ አለ። «ደስ ይላል። ምንጭ ይኖርዎታል?»

«እናቱ» አልኩ።

«የተጻፈ ማለቴ ነው።»

የተጻፈማ ነበር፤ እኔው ነኝ የጻፍኩት። እሱም ቻይና ነው የሚለው። ተቀመጥኩ።