ውርጭ ከየት ይመጣል?

ዛሬ ጠዋት አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪዬ ከቤታቸው ፍሪጅ ያመጣችውን በረዶ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ስስና ክብ ነው፤ በፎጣ ጠቅልላ ስላመጣችው ጠርዙ መቅለጥ ጀምሯል። «ቲቸር፣ በረዶ ቀዝቃዛ ሆኖ ለምን ያቃጥላል?» አለችኝ። እውነትም ያቃጥል ነበር። ልመልስላት አፌን ስከፍት የእርጥብ አፈርና የተጎዳ የባቄላ ቅጠል ሽታ ድንገት አፍንጫዬን ሞላው። አንቺ ከጎን ክፍልሽ በመስኮት አይተሽኝ ኖሮ በሻይ ሰዓት «ምን ሆነው ነው እንደዚያ ፈዘው የቆሙት?» አልሽኝ። አሁን ልጆቹ ስለሄዱ ልንገርሽ።

የተወለድኩት አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ ነው። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ከቅዳሴ መልስ ያርሳሉ። በአካባቢው እንደሳቸው ያማረ የእጅ ጽሑፍ ያለው ሰው ስላልነበረ ማመልከቻ ማጻፍ የፈለገ ሁሉ ወደ እኛ ቤት ይመጣል። መሬታችን ሁለት ቦታ ነበር። አንዱ ዳገቱ ላይ፣ ሌላው ከዳገቱ ግርጌ፣ ጠዋት ጠዋት ጭጋግ የሚተኛበት ጎድጓዳ ላይ። የጎድጓዳው አፈር ጥቁርና ወፍራም ስለሆነ ባቄላችን የሚዘራው እዚያ ነበር።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ አዲስ የሳይንስ መምህር መጣ። ያኔ አንቱ ነበር የምንለው፤ አሁን ሳስበው ግን ጢሙ እንኳ በቅጡ ያልወጣ ልጅ ስለነበር «እሱ» ብዬ ብጠራው የሚቀየመኝ አይመስለኝም። የኮቱ እጅጌ ያጥረዋል፤ ሲጽፍ የእጁ አንጓ ሁልጊዜ በጠመኔ ነጭ ሆኖ ይታየኝ ነበር። አንድ ቀን ስለ ዝናብ ሲያስተምረን እጄን አወጣሁ።

«መምህር፣ ውርጭ ከሰማይ ነው የሚወርድ ወይስ ከመሬት ነው የሚወጣ?»

እኛ ቤት የዚህ መልስ ያለቀለት ነበር። ውርጭ ቁጣ ነው፤ ቁጣ ደግሞ ከላይ ነው። መምህሩ ግን ጠመኔውን በጣቶቹ መካከል ትንሽ አንከባለለና «አላውቅም» አለ። ሰባ ልጅ እርስ በርሱ ተያየ። መምህር አላውቅም ሲል ሰምተን አናውቅም። ቀጠለና «ምን ብናደርግ እናውቀዋለን?» ሲለን የባሰ ግራ ገባን።

ዛሬ ያ ንግግር በእኛ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ በቀለም ተጽፎ ተሰቅሏል። በመምህራን ሥልጠናው ቀን አሠልጣኟ «መምህር ከልጆቹ ጋር አብሮ ይጠይቃል፤ መልስ አያድልም» ስትል ሁላችንም ማስታወሻ ያዝን። እኔም ያዝኩ። እጄ እየጻፈ ልቤ ግን ያ ኮት ዘንድ ነበር።

ተነጋግረን ተነጋግረን፣ ውሃ የሞሉ የቆርቆሮ ሳህኖችን ማታ ማታ በየቦታው እያኖርን ጠዋት ልናያቸው ተስማማን። አንዱን በትምህርት ቤቱ ባሕር ዛፍ ሥር፣ አንዱን ቤተ ክርስቲያኑ ካለበት ጉብታ ላይ፣ ሌሎቹን ዳገቱ ላይ። «የእኛ ባቄላ ማሳም ይሁን!» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። መምህሩ «መጀመሪያ አባትሽን አስፈቅጂ» አለኝ። እሺ አልኩ። አላስፈቀድኩም። ሳህኑን ከቤት ሰርቄ ራሴ አኖርኩት።

የጥቅምት ጠዋት ብርሃን እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ቀጭን ነው፣ ቢላ የመሰለ። ጎህ ሲቀድ እየሮጥኩ እወርድ ነበር። የጉብታው ሳህን ውሃ፣ የዛፉ ሳህን ውሃ፣ የዳገቶቹም ውሃ። የእኔ ብቻ በስስ በረዶ ተሸፍኖ አገኘዋለሁ። በጣቴ ስመታው ድምፅ ይሰጣል። ሌሎቹ ልጆች ቀኑብኝ፤ እኔም ውርጭ እኔን የመረጠኝ ያህል ኮራሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ከባዱ ውርጭ መጣ። ጠዋት ስወርድ ባቄላው በሙሉ ጠቁሮ፣ የፈላ ውሃ እንደፈሰሰበት ጎመን ተኝቶ ነበር። የጎረቤቶቻችንም እንዲሁ። ከመሃሉ የእኔ ሳህን በፀሐይዋ ያብለጨልጫል። ከኔ ቀድሞ ያየው ጎረቤታችን፣ አያ የምንለው ሽማግሌ፣ ጎንበስ ብሎ አነሳው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። ሽማግሌው ሳህኑን ከፍ አድርጎ «ውርጭ እንደ እንግዳ ማዕድ ቀርቦለት ምነው አይመጣ?» አለ። የሳቀ አልነበረም። የዓመት ቀለባቸውን ያጡ ሰዎች ነበሩ። አባቴ ወደኔ ዞረው «ይኸን ማን አኖረው?» አሉኝ።

«መምህሩ» አልኩ።

መምህሩን አስጠሩት። ሲመጣ ኮቱን ቆልፎ ነበር። ጥያቄውን ሰማ፤ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ መሬት መሬቱን እያየሁ ነበር፤ ማየቱ ግን ይሰማኛል። «አዎ፣ እኔ ነኝ ያዘዝኩ። ልጆቹ አጥፊ አይደሉም» አለ። «ለምን?» ሲሉት «ለማወቅ» አለ። ያ ቃል ሰዉን የባሰ አስቆጣው። በዚያው ቀን አባቴ ብዕራቸውን አውጥተው በዚያ ባማረ ጽሑፋቸው ይነሳልን የሚል ማመልከቻ ጻፉ። መስመሮቹ ቀጥ ያሉ ነበሩ፤ አንድ ፊደል እንኳ አልተሰረዘም።

ወሩ ሳያልቅ ተዛወረ። የሚሄድ ዕለት አውቶቡስ መቆሚያው ድረስ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር። እሱ ግን ትናንት ያቋረጥነውን ትምህርት እንደሚቀጥል ሰው፣ «የትኛው ሳህን ነበር የረጋው?» አለኝ።

«የታችኛው።»

«የላይኞቹስ?»

«ውሃ እንደሆኑ ቀሩ።»

«እና ምን ይመስልሻል?»

አሰብኩ። «ብርዱ እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈስስና ጎድጓዳ ላይ ይተኛል» አልኩት። ፊቱ እንዴት እንደበራ ልነግርሽ አልችልም። «ሸጋ» አለኝ፤ ከእኛ የተማራት ቃል ነበረች። ረዳቱ ጠራውና ገባ።

በዓመቱ አባቴ ባቄላውን ዳገቱ ላይ ዘሩ። ጎድጓዳውን ለከብቶቹ ሣር ተዉት። «አባየ፣ ምነው ወደ ላይ ወሰዱት?» ስላቸው «ከላይ ይሻላል» ብቻ አሉኝ። ለካ መምህሩ የሄደ ዕለት ማታ፣ ብርዱ ወደ ታች ይፈስሳል ብዬ የጻፍኩበትን ደብተሬን አንብበውት ነበር።

እኔም አድጌ እዚህ ከተማ መምህርት ሆንኩ። ባለፈው ሳምንት አራዳ ገበያ ሱቅ ያለው አንድ ወላጅ የልጁን ባዶ ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ «ለዚህ ነው የምንከፍለው? ልጄ ዘንድሮ ምን ተማረ?» ሲለኝ አልተቆጣሁም። አንቺ ተቆጥተሽልኝ ነበር። አየሽ፣ እዚህ ልጅ ቢጠይቅና ቢሳሳት የሚደርቅ ማሳ የለም፤ የሚባረር መምህርም የለም። እኔ ጥያቄ ዋጋ ሲያስከፍል አይቻለሁ። ስለዚህ ወላጅ ሲፈራ አይገርመኝም። አስቀምጬ አስረዳሁት፤ ቡና እንኳ ሳልጋብዘው ሁለት ሰዓት ተቀመጠ።

ከዚህ በፊት አባቴ ዓይናቸው ሲደክም ለሕክምና ቁስቋም ሰፈር ያለው ቤቴ መጥተው ሰነበቱ። አንድ ቀን ወረቀት አምጪ አሉኝ። ራሳቸው ጻፉ፤ ፊደሎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ወጥተዋል። «መምህር ልጄ ሆይ፣ ሳልመረምር ጽፌብሃለሁና ይቅር በለኝ» ይላል። «ፈልገሽ ስጪልኝ» አሉኝ። ሳህኑን ያኖርኩት እኔ እንደሆንኩ ያኔ ልነግራቸው ይገባ ነበር። አልነገርኳቸውም።

ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። የመዝገብ ቤቷ ሴት አቧራ የጠጡ ፋይሎችን ግማሽ ቀን አገላብጣ በመጨረሻ ስሙን አገኘችው። ከተዛወረ በኋላ ዓመትም አልቆየም፤ ማስተማሩን ትቶ ሄዷል። ወዴት እንደሄደ የተጻፈ ነገር የለም።

ስመለስ አባቴ ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ እየሞቁ ነበር። በእግሬ ኮቴ አውቀውኝ ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ።

«አገኘሽው?»

ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። «አገኘሁት፣ አባየ» አልኩ።

«አነበበው?»

«አነበበው። እግዜር ይስጥልኝ በያቸው አለኝ።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፤ ትከሻቸው ዝቅ አለ። «ልጅ ነበር እኮ ያኔ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ሸብቷል?»

«ትንሽ» አልኳቸው አጠገባቸው እየተቀመጥኩ። «ጆሮ ግንዱ ላይ።»